የካቲት ሠላሳ ወይስ መጋቢት ሃያ አራት?

ባለፈው ሰኔ ጎረቤቴ ወይዘሮ አልጋነሽ የቀኝ ክንዷን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በራፌ ላይ ቆመች። ከገበያ ስትመለስ ባጃጅ ገጭቷት ክንዷ ተሰብሯል። ባለ ባጃጁ አሳክምሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ ኋላ ግን ስልኩን አጠፋባት።

«ጋሼ፣ ለፍርድ ቤት የሚሆን አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ» አለችኝ።

መነጽሬን ፈልጌ አጠለቅሁና ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበትን ጠየቅኋት፤ አደጋው የደረሰው በየትኛው ቀን ነው?

«የሚካኤል ማግስት ነዋ!» አለች፣ አለማወቄ አስገርሟት።

«የየትኛው ወር ሚካኤል?»

«እሱንማ እርስዎ ይወቁት እንጂ! የተማሩት እርስዎ አይደሉ?»

ወረቀቷን ቀኑን በሚገባ አጣርቼ ጽፌላታለሁ፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ብዕሬን ማስቀመጤን አልክድም። ከአርባ ዓመት በፊት ለዚሁ ጥያቄ ከዚህ የማይሻል መልስ ሰጥቼ እግሬን ላጣ ተቃርቤ ነበርና።

ከዚህ በታች የምጽፈውን አንባቢ በጥንቃቄ ይቀበለኝ። በዐይኔ ያየሁትና ኋላ ሰዎች የነገሩኝ በዕድሜ ብዛት ተደባልቀውብኛል። መለየት በቻልሁበት ቦታ እለያለሁ፤ ባልቻልሁበትም አለመቻሌን እናገራለሁ።

ዘመኑ ደርግ፣ ወንጌላዊው ማርቆስ ነበር። እኔ ገና ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ፣ ከገነተ ማርያም ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ የማስተምር ወጣት ነበርሁ። በደብረ ዘይት እሑድ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ወደ ላሊበላ በእግሬ ጉዞ ጀመርሁ። ለርእሰ መምህሩ የነገርሁት ጠመኔ ልገዛ እንደምሄድ ነው። እውነቱ ግን ከሚያውቁኝ ካድሬዎች ዐይን ርቄ ማስቀደስ አምሮኝ ነበር፤ በዚያ ጊዜ መምህር ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም መታየቱ ባይከለከልም አይመከርም። በኪሴ ከቅዳሴ በኋላ የምበጠብጠው በሶ በጨርቅ ተቋጥሯል። ዝናብ ካየ የሰነበተው ጥርጊያ መንገድ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። ከማዶ የገብስ ዐውድማ ሽታ ይመጣ ነበር እንዳልል የወቅቱን ነገር እጠራጠራለሁ፤ ምናልባት የሌላ ዓመት ሽታ ይሆናል።

ላሊበላ እህል አራግፎ ወደ ወልድያ የሚመለስ አንድ የጭነት መኪና ከመታጠፊያው ብቅ አለ። አንድ የመንግሥት ድርጅት ንብረት ነው። መኪናው ከመንገዱ መካከል ወደ እኔ ጥግ ሲያዘነብል አይቻለሁ፤ ጥሩንባ አልሰማሁም። በመኪናውና በተራራው ግንብ መካከል ስጣበቅ የተሰማኝ ሕመም ሳይሆን ድምፅ ነው፤ እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት።

ከዚያ የማስታውሰው ከበላዬ የጎነበሰ ነጭ ጥምጣም ነው። ባለ ጥምጣሙ መሪጌታ ጽጌ ነበሩ፤ የታመመ ወንድማቸውን ላሊበላ ጠይቀው፣ ለማሕሌቱ ወደ ደብራቸው ገነተ ማርያም በበቅሎ ሲገሠግሡ መኪናው አልፏቸው፣ ከኋላ ሆነው ሁሉንም አይተዋል። ስማቸውን አውቀው ነበር እንጂ ከዚያ ቀን በፊት ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ሾፌሩ ተካ መሬት ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ይዟል።

«አባቴ፣ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ዐይኔን ሸለብ ሲያደርገኝ... ገደልሁት!»

«አልሞተም» አሉት መሪጌታ። «ይልቅ ተነሥና በእግሩ በኩል ያዝ። ኋላ ታለቅሳለህ።»

ጥምጣማቸውን ፈትተው፣ መቋሚያቸውን ከተሰበረው እግሬ ጎን አድርገው ጠፍረው አሰሩት። በቅሎዋን ለአንድ መንገደኛ ሰጡና ጋቢና ውስጥ ገብተው እግሬን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያዙ። ያ የበጋ መንገድ እስከ ወልድያ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ሾፌሩ እንደገና እንዳያንቀላፋ የዕለቱን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያዜሙለት ሄዱ ይባላል። «ይባላል» ያልሁት ተካ ኋላ ሆስፒታል ሊጠይቀኝ መጥቶ ስለ ነገረኝ ነው። እኔ ግን በሕመሙና በሰመመኑ መካከል ዜማውን የሰማሁት ይመስለኛል፤ «ተኛህ እንዴ፣ አንተ!» የሚል ተግሣጽ ከመሐሉ እየገባ።

ከወልድያ ወደ ደሴ አሳለፉኝና አምስት ወር ተኛሁ። አጥንቱ ገጠመ፤ የገጠመው ግን ተጣሞ ነው። ሐኪሙ እንደገና ሰብሮ በብረት የሚያያይዝ ባለሙያ አዲስ አበባ እንዳለ ነገረኝ፤ ወጪው ከመምህር ደመወዝ አቅም በላይ ነበር። ድርጅቱ በቃል «እንክሳለን» አለ። በክራንች እያነከስሁ ቢሮአቸው ስሄድ «ፋይልህ እየታየ ነው፣ የሚመጣው ሳምንት ብቅ በል» ይሉኛል። እንዲህ ስመላለስ ሁለት ዓመት ሊሞላ ተቃረበ። ጉልበቴ መታጠፍ እያቆመ መጣ፤ ሐኪሙም በመጨረሻ ቁርጡን ነገረኝ፤ መጪው ክረምት ካለፈ ወዲያ ማንም ሊያቃናው አይችልም፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል።

ያን ጊዜ ነው ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት የሄድሁት። ከአጥሩ ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ቀኑን ሲጠይቀኝ «የደብረ ዘይት ዕለት» አልሁት።

«ደብረ ዘይት ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም» አለና በጣቱ ቆጠረ። «የካቲት ሠላሳ ነበረ። ስለዚህ የካቲት ሠላሳ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት።» ጻፈው፤ እኔም ፈረምሁ። ሒሳብ አስተማሪው እኔ፣ ደብረ ዘይት ከጾሙ ጋር በየዓመቱ ወዲያና ወዲህ እንደሚል ከልጅነቴ የማውቀው እኔ፣ አንብቤ ፈረምሁ።

ክሱ ሲሰማ በልግ ገብቶ ነበር። የድርጅቱ ነገረ ፈጅ፣ ጫማው ያለ እንከን የተወለወለ ጎልማሳ፣ ስለ እግሬ አንድ ቃል አልተናገረም። «እንዲህ ያለ ክስ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ከሳሽ ራሱ በፈረመው ቀን ብንሄድ ሁለት ዓመቱ ካለፈ በኋላ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነው የመጣው። በይርጋ ታግዷል» አለና ተቀመጠ። አነጋገሩ ጨዋ ነበር፤ ሕጉም ከእርሱ ጋር ነው። የሆስፒታሉ ደብዳቤ ስለ ስብራቱ በዝርዝር ቢያወራም የገባሁበትን ቀን አልጠቀሰም። ሾፌሩ ወዴት እንደ ተዛወረ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የቀሩኝ መሪጌታ ጽጌ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውንም የጠራኋቸው ግጭቱን እንዲመሰክሩ እንጂ ስለ ቀን አስቤ አልነበረም።

ዳኛው ፊታቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። «በመቃወሚያው ላይ ከመወሰኔ በፊት ስለ ቀኑ ምስክሩን ልስማ» አሉ። «አደጋው መቼ ደረሰ?»

«በደብረ ዘይት ነው፣ ጌታዬ።»

«ጓድ ዳኛ ይበሉ» አለ ችሎት አስከባሪው።

«በደብረ ዘይት ነው፣ ጓድ ጌታዬ።»

ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና «ወርና ቀኑን ይንገሩን፣ አባቴ» አሉ።

መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ አውራ ጣታቸው በጣቶቻቸው አንጓ ላይ መሮጥ ጀመረ። «ዘመኑ ማርቆስ። መጥቅዕ ስምንት። በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት ስምንት፣ ማክሰኞ ዋለ። የማክሰኞ ተውሳክ አምስት፤ ከስምንት ጋር ዐሥራ ሦስት። የደብረ ዘይት ተውሳክ ዐሥራ አንድ፤ ሃያ አራት።» ዐይናቸውን ገለጡ። «መጋቢት ሃያ አራት፣ እሑድ።»

ይህ አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ የሚውሉበት ቀን የሚታወቅበት የባሕረ ሐሳብ ስሌት ነው። እኔ በወንበሬ ላይ ሆኜ የሰማሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከየካቲት ሠላሳ እስከ መጋቢት ሃያ አራት ያለው ልዩነት እግሬ ነው።

ነገረ ፈጁ ተነሣ። «መሪጌታ፣ በጣትዎ ቆጥረው የሕዝብ ገንዘብ ሊያስወጡ ነው?»

«ጣቴ ገንዘብ አያውቅም፣ ልጄ። የጠየቃችሁኝ ቀን ነው።»

«ይሁን፣ ደብረ ዘይት እርስዎ ባሉት ቀን ይዋል። የጾም እሑድ ግን ስምንት ነው። አደጋው የደረሰው በዚያኛው እንጂ በሌላው እንዳልሆነ በምን ለይተው ያውቃሉ? ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዕድሜዎም ገፍቷል።»

መሪጌታ አቀርቅረው ነጠላቸውን አጣፉ። ጠፋባቸው አልሁ። በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለዳኛው ብቻ እንደሚናገሩ ሆነው ጀመሩ።

«መሪጌታ ከሆንሁ ወዲህ ከማሕሌት የጎደልሁት በዚያች እሑድ ብቻ ነው። ይህን ልጅ ወልድያ ሳደርስ ደብሬ ያለ እኔ ቆመ። አለቃችን ቀጡኝ፤ እስከ ትንሣኤ ከቅጽሩ ውጭ ቁም አሉኝ። ገብር ኄር ውጭ ቆምሁ። ኒቆዲሞስ ውጭ ቆምሁ። ሆሣዕና ውጭ ቆምሁ። በትንሣኤ አስገቡኝ። ተማሪዎቼ በአጠገቤ እያለፉ ሲገቡ እያየሁ ነው የቆምሁት፣ ጌታዬ። ይህ አይረሳም።»

በዚህ ጊዜ ማንም «ጓድ ይበሉ» አላላቸውም።

ዳኛው ጸሐፊያቸውን ጠርተው የዚያን ዓመት የችሎት መዝገብ እንዲያመጣ አዘዙ። አቧራውን አራግፎ ያቀረበውን ትልቅ ደብተር ገለጥ ገለጥ አደረጉና ጣታቸውን አንድ መሥመር ላይ አቆሙ። «የካቲት ሠላሳ፣ ሐሙስ። አንድ የድንበር ክርክር ሰምቻለሁ፤ ፊርማዬም አለበት። እሑድ አልነበረም።» ጥቂት ገጾች ገለጡ። «መጋቢት ሃያ ሁለት ዓርብ፣ ሃያ አምስት ሰኞ።» ቀና አሉና ነገረ ፈጁን ተመለከቱ። «ይህ ፍርድ ቤት በደብረ ዘይት እሑድ ችሎት አስችሎ አያውቅም።» ለጸሐፊው ብይኑን ሲያስጽፉ ፍርድ ቤቱ የተመረኮዘው በምስክሩ ቃልና በራሱ መዝገብ እንጂ በጣት ስሌት እንዳልሆነ በጥንቃቄ አስገቡበት። መቃወሚያው ውድቅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ድርጅቱ ክረምቱ ሳይገባ ካሠኝ። አዲስ አበባ እግሬን እንደገና ሰብረው በብረት አያያዙት፤ በዓመቱ ክራንቹን ጣልሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት፣ በመምህርነት ያረጀሁትም በዚህ እግር ነው።

እንደዳንሁ መሪጌታን ፍለጋ ገነተ ማርያም ወረድሁ። ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተልባ በእንጀራ እየበሉ አገኘኋቸው፤ አጠገባቸው አስቀምጠው አጎረሱኝ።

«ስለ ቅጣቱ ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«ብነግርህ ምን ታደርገው ኖሯል? ትቆምልኝ ነበር? በዚያ እግር?»

«አለቃውስ? የሄዱበትን ምክንያት አልነገሯቸውም?»

«እንዴት አልነግራቸው! ‹እግር መያዝ ለማንም ይቻላል፤ ማሕሌቱን የሚመራ ግን አንተ ብቻ ነበርህ› አሉኝ። እውነታቸውን ነው።» ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉልኝ። «እኔም እውነቴን ነበር። ብላ እንጂ!»

መሪጌታ ጽጌ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። በሕይወቴ ብዙ የተማሩ ሰዎች አግኝቻለሁ፤ ብዙ ነገርም በማስረጃ ማረጋገጥ ለምጃለሁ። የገዛ ትዝታዬን ግን ዛሬም አላምነውም፤ የመኪናውን ቀለም እንኳ አንድ ጊዜ አረንጓዴ፣ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣብኛል። በጭራሽ የማልጠራጠረው በሌላ ሰው ትዝታ ውስጥ የተቀመጠልኝን ያን አንድ ቀን ነው። እርሳቸው ቀኑን ያልረሱት ስላስከፈላቸው ነው፤ የከፈሉትም ለማያውቁት ሰው ነበር።

ስእለት ነው ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ስእለት መሆኑንም እርግጠኛ አይደለሁም። ይሁንና በየዓመቱ ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ ሦስቱን እሑድ ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ አስቀድሳለሁ። ወጣቶች «አባ፣ ይግቡ፣ ወንበር አለ» ይሉኛል። ብረት ያለበት እግር በጠዋት ብርድ ሲቆም ይጠዘጥዛል። አመሰግናቸውና «ግድ የለም፣ መቆም እችላለሁ» እላቸዋለሁ።