ለወንድሜ ያቆየሁት ገንፎ

ለንደን፣ ዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ ሰው ከማዶ አይቶኝ መዳፉን ከፍቶ እጁን ሲያነሳልኝ አልመልስም። ኩሩ ነው ይሉኛል። ይበሉ። እኔና ወንድሜ የታሰርነው በዚያ ሰላምታ ነው።

ቦታው ዚምባብዌ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ወንድሜ አዲስ አበባ ታስሮ ነበር። ሁለት ጣቱን አንስቶ አይተውታል፤ በቃ። ከተፈታም በኋላ አልተዉትም። በየሳምንቱ ይጠሩታል፣ አስቀምጠውት ይውላሉ፣ ማታ ይመጣል። የእኔም ስም ከትምህርት ቤት ተላልፏል ተባለ። አስረኛ ክፍል ነበርኩ። በሞያሌ ወጣን። ናይሮቢ ረጅም ጊዜ ተቀመጥን። ከዚያ ወደ ደቡብ፤ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። ደቡብ አፍሪካ ለመግባት አንድ አገር ብቻ ቀርቶን ነበር።

የጭነት መኪና ላይ፣ በከረጢት መሀል ተቀምጠን ነበር። መንገዱ ላይ ግንድ አጋድመዋል። ወታደሮች አሉ፤ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ወጣቶችም አሉ። ያ አገርም ምርጫ ላይ ነበር። እኛ ይህን አናውቅም። ወንድሜ «ፈገግ በል፣ አትንቀጥቀጥ» አለኝና እጁን አነሳላቸው። አምስቱንም ጣት ዘርግቶ። ከአዲስ አበባ ወዲህ ሰላም የሚለው እንዲህ ነበር። «ጣጣው ሁለት ጣት ላይ ነው፤ አምስቱ ማንንም አያስከፋም» ይል ነበር።

እዚያ አገር የተዘረጋ መዳፍ የተቃዋሚዎቹ ምልክት መሆኑን ያወቅነው ከታሰርን በኋላ ነው። ካናቴራ ከለበሱት አንዱ ወንድሜን በእግሩ ጎትቶ ከመኪናው አወረደው። እኔ ራሴ ወረድኩ።

ጣቢያው ውስጥ ማን እንደላከን ጠየቁን። ማንም አልኩ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ። ወፍራሙ መርማሪ ኪሳችንን ገለበጠና «የራሳችሁን ምርጫ ጨርሳችሁ የኛን ልትመርጡልን መጣችሁ?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። ቀልዱ ጥሩ ነበር። አፉ ላይ በጥፊ መቱት።

የእስር ቤቱን ክፍል ሲከፍቱት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከዚያ ሙቀቱ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ያየሁት እግር ብቻ ነበር። እግር በእግር ላይ። በጎን ነው የሚተኛው፤ አንዱ ሲያጨበጭብ ሁሉም አንድ ላይ ይገለበጣል። ለሁላችንም መጸዳጃ አንድ ባልዲ አለ። ቧንቧው ከደረቀ ቆይቷል።

ከጥግ በኩል አንድ ሰው «ሐበሻ ናችሁ?» አለ። የሆሳዕና ሰው ነው፣ ጸጉሩ የሸበተ። ሰዎቹን በክንዱ ገፋ ገፋ አድርጎ ቦታ አበጀልን። ጋሼ አልነው። አገር ቤት የወፍጮ ባለቤት እንደነበርና ወደ ልጁ ሲሄድ እንደተያዘ ነገረን። ሌላው ያወቅነው ሰው ገንፎ አመላላሹ ነው። የዚያው አገር ሰው፣ በፖለቲካ የታሰረ አስተማሪ። ስለ መዳፉ የነገረን እሱ ነው። እንግሊዝኛውን ለተማሪ እንደሚያስረዳ ቀስ እያለ ይናገራል።

«ሁለት በመሆናችሁ እድለኞች ናችሁ» አለን በመጀመሪያው ቀን።

«ለምን?» አለ ወንድሜ።

«እዚህ ሰው ሲሞት ሦስት ቀን ያቆዩታል። ዘመድ ካለው ገብቶ ያጥበዋል፣ ስሙን ያስጽፋል። ከሌለው በቁጥር ይቀበራል።»

ወንድሜ ዞሮ አየኝና በአማርኛ «እንግዲህ ስሜን አትርሳ፣ አንተ ዝንጉ» አለኝ። ስቀናል።

በሽታው ከባልዲው ነው ወይስ ከውሃው፣ አላውቅም። ብዙ ሰው ያዘ። ወንድሜን ሲይዘው ከሆዱ እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ነገር ይወጣ ጀመር። በሸሚዜ ጠረግኩት። በሁለት ቀን ፊቱ የሽማግሌ ፊት ሆነ። ጓንት ያጠለቁ ሁለት ጠባቂዎች መጥተው ከግቢው ማዶ ወዳለው የበሽተኞች ክፍል ወሰዱት። እኔ መከተል አልተፈቀደልኝም። በሩ ላይ ሲደርስ አንገቱን አዞረ።

«አንተ ሆዳም፣ ድርሻዬን እንዳትበላብኝ። እመለሳለሁ።»

ልጅ ሆነን የእሱን እራት እየሰረቅኩ እበላበት ነበር። ያንን ማለቱ ነው።

ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ነው፣ ቀትር ላይ። የበቆሎ ገንፎ፣ በጭብጥ ልክ፣ ያለ ምንም። የበሽተኞች ክፍል የሚሄደው ደግሞ ገንፎ ሳይሆን ሙቅ ነው ይላሉ። ስለዚህ እሱ በሄደ ማግስት የራሴን ለሁለት ከፈልኩ። ግማሹን በባዶ የማርጋሪን ዕቃ አድርጌ ለአስተማሪው ሰጠሁት። እሱ ከገንፎው ባልዲ ጋር በየክፍሉ ይገባል። ዕቃውን ተቀብሎ እኔን ሳይሆን ጋሼን አየ። ጋሼ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እኔ አይቻለሁ፤ ግን ምን እንደሆነ አላሰብኩትም።

ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። ተልሶ የጸዳ።

«በላ?»

«በላ» አለ አስተማሪው።

በጣም ደስ አለኝ። የሚበላ ሰው ይድናል አልኩ።

በማግስቱም ላክሁ። በሦስተኛውም ቀን ላክሁ። በራፍ ላይ የሚቆመውን ጠባቂ አንዴ እንዳየው አስገባኝ ብዬ ለመንኩት። «ሆቴል መሰለህ? ጉብኝት?» አለኝ። እኔም ሆዴን ይቆርጠኝ ጀምሮ ነበር። ጋሼ የራሱን ገንፎ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ብላ፣ ልጄ።»

«እርስዎስ፣ ጋሼ?»

«እኔ ድሮ በልቻለሁ። ብላ።»

ቁጭ ብሎ እስክውጥ ድረስ ያየኛል። ደግ ሰው አልኩ። እግዜር አባት የሰጠኝ መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጠባቂው መዝገብ ይዞ መጣና የወንድሜን ቁጥር ጠራ። የማን ዘመድ ነው አለ። ተነሳሁ። ጥንድ ጫማ እግሬ ሥር ወረወረ። የወንድሜ ሸራ ጫማ ነው። የግራው ማሰሪያ የእኔ ነው፣ ሰማያዊ፤ ማላዊ ውስጥ ሲበጠስበት የሰጠሁት።

«ፈርም» አለ።

«ለምን? ሲወጣ ምን ይጫማል?»

ጠባቂው መጀመሪያ ያሾፍኩበት መሰለው። ከዚያ ገባው። «ሙት ጫማ አያደርግም። ትናንት ተቀብሯል።»

ዞርኩ። ጋሼ ኮቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ መሬት ተቀምጧል። አገር ቤት ለቅሶ ላይ እንደሚቀመጡት። ያኔ አወቅሁ። እሱ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

አስተማሪው የትናንቱን የገንፎ ባልዲ ሊወስድ በር ላይ ቆሞ ነበር። «በሄደበት ሌሊት ነው የሞተው» አለኝ፤ ወደ ጋሼ አመለከተ። «ለእሱ ነገርኩት። ሦስቱንም ቀን ነገርኩት። ልጁ ይግባ፣ ይጠበው አልኩት። እኛ ዘንድ እንዲህ አይነገርም አለኝ። የእናንተ ባህል ነው አለኝ።»

«ገንፎውስ?»

«አጠገቡ የነበረ አንድ ሽማግሌ በላው። ዘመድ የለውም። እንዳትጠረጥር ባዶውን መመለስ ነበረብኝ።»

ጋሼ ከኮቱ ሥር ተናገረ። «መርዶ ለብቻ አይነገርም፣ ልጄ። ተፈትተህ፣ ሰው ባለበት፣ በልተህ... እንዲያ ነበር ያሰብኩት።»

«ሦስት ቀን ነበረኝ» አልኩ።

«አንተንም ጀምሮህ ነበር። ብነግርህ አትበላም። ካልበላህ ትከተለዋለህ። አንዲት እናት ሁለት ልጅ አይቅርባት አልኩ።»

«አንተ ማን ነህ?» አልኩት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ትልቅ ሰው አንተ ብዬ አላውቅም። እናቴ ብትሰማ አፌን በበርበሬ ትለውሰው ነበር። «አንተ ማን ነህ? ምኔ ነህ? አጥቤ እቀብረው ነበር። ስሜን አትርሳ ብሎኝ ነበር፣ አንተም ሰምተሃል።» ሌላም ብዙ አልኩት። አሁን መጻፍ የማልፈልገውን። ቋንቋውን የማያውቁትም ገብቷቸዋል። ጋሼ ኮቱን ከራሱ ላይ አላነሳም። ቢመታኝ ይሻል ነበር።

ጠባቂው መዝገቡን ሆዴ ላይ ገፋው። «ትፈርማለህ ወይስ ጫማውን ልውሰድ?»

መዝገቡን አየሁ። ቁጥሩ አለ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ብዕሩን ተቀበልኩና በዚያ ቦታ የወንድሜን ስም ጻፍኩ፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። በፊደላችን ጻፍኩት። አስተካክዬ ለመጻፍ ቆየሁ። ጠባቂው አንገቱን አስግጎ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው? ጉንዳን?»

«ስሙ ነው።»

«ፈርም አልኩህ እንጂ ጻፍ አላልኩህም። ማን ያነበዋል?»

«ስሙ ነው» አልኩት እንደገና። ሌላ እንግሊዝኛ አልመጣልኝም።

መዝገቡን ዘግቶ በጠርዙ ጆሮ ግንዴን መታኝ። ግን አልሰረዘውም። እስክንለያይ ድረስ ሲሰርዘው አላየሁም እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ።

በማግስቱ ቀትር ገንፎው መጣ። ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን በማርጋሪኑ ዕቃ አድርጌ ለአስተማሪው ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም፤ አእምሮዬን የሳትኩ መሰለው።

«ወንድምህ እኮ...»

«አውቃለሁ። ለሽማግሌው ነው።»

እስከምንፈታ ድረስ ላክሁ። ደግነት አልነበረም። ወንድሜ ድርሻዬን እንዳትበላብኝ ብሎኛል፤ አልበላሁበትም፣ ያ ብቻ ነው። ጋሼም እስከ መጨረሻው ቀን የራሱን ግማሽ እያመጣ አጠገቤ ያስቀምጥ ነበር። እየጠላሁት በላሁለት። ከዚያ ክፍል በእግሬ የወጣሁት በዚያ ገንፎ ነው። ይህን አልክድም። ግን ይቅር አላልኩትም። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ከደቡብ አፍሪካ ይደውላል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየጮኸ አየዋለሁ፣ እስኪያቆም።

አሁን የምኖረው እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን ነው። መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው፣ ቤት የምጋራውም አብሮኝ ከሚሠራ የአዳማ ልጅ ጋር ነው። ባለፈው ሐሙስ ከኪልበርን አንዲት እትዬ ደወሉልኝ። የልጁን ቸርች ሰዎች የሚያስተባብሩ ናቸው።

«የልጁ አባት አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ነው» አሉኝ። «እንዳትነግረው። እሁድ ከቸርች በኋላ ሽማግሌ ይዘን እንመጣለን። እስከዚያ ስልኩን ቼክ እንዳያደርግ ዋይፋዩን አጥፋው።»

«እስከ እሁድ ተቀብረው ያድራሉ እኮ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ከዚህ ሆኖ ምን ያደርጋል? ሥራ ላይ ነው፣ ብቻውን ነው፣ ይጎዳል። አንተ ደግሞ የሐዘን ወግ አታውቅም እንዴ?»

«አውቃለሁ» አልኩና ዘጋሁት።

ልጁ ኩሽና ውስጥ ሩዝ ያጥብ ነበር። ውሃውን ዘጋሁት። አባትህ አርፈዋል፣ ቀብሩ ነገ ነው አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ አላውቅምም። መጀመሪያ «ውሸትህን ነው» አለኝ። ከዚያ ደረቴን በሁለት እጁ መታኝ። ቆሜ ተመታሁ። በማግስቱ ቀብሩን በስልክ አየ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ ከነጫማው። አፈር ሲመለስ «አባዬ» ብሎ ጠራ። ጮክ ብሎ። ከዚያ ማዶ የሰማው ሰው እንዳለ አላውቅም። ግን ጠርቶታል።

እሁድ መጡ። እትዬ ሲገቡ ሰላም አላሉኝም። «ሰው አይደለህም አንተ፣ አረመኔ ነህ» አሉኝ ሲወጡ፣ ደረጃው ላይ። ምናልባት እውነታቸውን ነው። ልጁም እስከ ዛሬ ብዙ አያናግረኝም።

ያን ቀን፣ የቀብሩ ዕለት፣ ሩዝ የቀቀልኩት እኔ ነኝ። ለሁለት ከፈልኩት። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ተኝቷል። የራሴን በላሁ። የሱን በሌላ ሳህን ከደንኩለትና ምድጃው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት።