ከፍ አድርጊ

እህቴ የደወለችው ሸሚዝ እየተኮስኩ ሳለ ነው። ልጅሽ ድምጿ ተዘግቷል አለችኝ። ልታስቀኝ ብላ፣ ቤቱ ሰላም አገኘ ብትልም ራሷም አልሳቀችም። እስቲ አገናኚኝ አልኳት። ስልኩ ላይ ትንፋሽ ብቻ መጣ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ እላለሁ፤ ለካ ልጄ እያወራችኝ ኖሯል።

ነገሩን ቀስ በቀስ ከእህቴ ሰማሁ። በንግሡ ዕለት ንፋስ መውጫ ከተማ መብራት ጠፍቶ ማይኩ አልሠራም። ልጄ ከመዘምራኑ ጋር መቆም ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም፤ በዚያ ላይ ጉንፋን ይዟታል። ዜማው ወርዶ ስለ ነበር አስጀማሪዋ፣ «ከፍ አድርጊ» አለቻት። ዜማውን አንሺው ማለቷ ነው። ልጄ ግን ጩኺ የተባለች መሰላት። ታቦቱ መንበሩ እስኪገባ ድረስ ጮኸች።

በማን ይፈረዳል? በእኛ አፍ ሁለቱም «ከፍ» ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ያስዘመሩን የኔታ ድጓ ቤቱ ቤተ ልሔም ዜማ የተማሩ ነበሩ። እጃችንን ሆዳችን ላይ አስደርገው፣ «የጎረቤትሽን ድምፅ ካልሰማሽ አንቺ በዝተሻል፤ ቀንሺ» ይሉን ነበር። የአንገቷ ሥር የተገተረባትን ደግሞ፣ በሬ እየነዳሽ ነው ወይስ እያመሰገንሽ ብለው ይተርቧታል። ይህን በስልክ እንዴት አድርጌ ላስተምራት?

ከንግሡ ወዲህ ወር አልፏል። ጠበሉንም ጠጥታለች። ሐኪሙ ዝም ትበል ብሏል፤ እርሷ ግን ቀኑን ሙሉ ታንሾካሹካለች። ሹክሹክታም ጉሮሮ ይጎዳል ብዬ ብነግራት፣ መልሳ በሹክሹክታ እሺ ትለኛለች። የሰፈር ልጆች «ዲዳዋ» ካሏት ጀምሮ ልምምድ መሄዱን ትታለች። አሁንስ እህቴ ስትጠራትም ስልኩን አልይዝም ማለት ጀምራለች።

እኔ ያለሁት ዓረብ አገር፣ በሰው ቤት ነው። ጸሎቴን እንኳ በከንፈሬ ብቻ ነው የማደርሰው። እመቤቴ ሆይ፣ የእኔን ዝምታ ለልጄ አታውርሺያት እላለሁ። 

በንግሡ ዕለት ከጎኗ የቆማችሁ መዘምራን ልጆቼ፣ እለምናችኋለሁ፤ ቤት ድረስ ሄዳችሁ አምጧት። ሳትዘምር ከመካከላችሁ ትቁም፣ እጇን ብቻ ታጨብጭብ። እናንተም ዝቅ አድርጋችሁ ዘምሩ። አንድ ቀን ትንሽ ድምፅ ቢወጣላት፣ እንድትሰሟት።