አብዲ ክላክስ ማድረግ የተወበት ማዕዘን

ትናንት አመሻሽ ላይ ነው... ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በአብዲ ባጃጅ የኋላ ወንበር ተቀምጫለሁ። ወደ ቀፊራ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው የግንብ ማዕዘን እየተጠጋን ነበር።

ለማታውቁኝ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ጥናቴ መኪኖች ሳይተያዩ በሬዲዮ ሞገድ «መጣሁ» ስለሚባባሉበት መንገድ ነው። ሜዳ ላይ ቀላል ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ግን ግንቡ ሞገዱን ይጋርደዋል። ምን ያህሉ እንደሚደርስ ለክቼ በሒሳብ ቀመር ማስቀመጥ ነው ሥራዬ፣ ሞዴል መሥራት ማለት ነው። መኪና ከየት ላምጣ? ሁለት ባጃጅ ተኮናተርኩ፤ የአብዲን እና የጓደኛውን የተሾመን። ተሾመ ጋ ማሰራጫ፣ አብዲ ጋ መቀበያ ገጠምን። ተሾመ ከጎን ባለው መንገድ ሲመጣ የአብዲ ዕቃ ጢጥ ጢጥ ይላል።

ሳምንቱን ሙሉ የለካነው ከምሳ በኋላ ነው። ድሬን የሚያውቅ ያውቃል... በዛ ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ግማሹ ሰው ይተኛል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው፣ መንገዱ የኛ ነው። ውጤቱ ደግሞ ሲያምር! ግንብ እያለ ሞገዱ ጥርት ብሎ ይመጣል። ቀመሬ ከልኬቱ ጋር ልክክ ሲል ደስታዬን አልቻልኩትም።

አብዲ ድሮ እዛ ማዕዘን ሲደርስ እንደ ማንኛውም ባጃጅ ነጂ ሳያስበው ክላክስ ያደርግ ነበር። ዕቃው ከተገጠመ በኋላ ቀስ በቀስ ተወው። ተሾመም እንደዚያው። አየሁ... እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ትናንት ግን አማካሪዬ ሰው ባለበት ሰዓትም ለኪ ስላለኝ አመሻሽ ላይ ወጣን። ከገበያ የሚመለሰው ሰው፣ ጋሪው፣ ባጃጁ መንገዱን ሞልቶታል። ማዕዘኑ ጋ ስንደርስ ዕቃው ዝም አለ። ዝም ካለ ማንም የለም ብሎ አብዲ ገባ። ክላክስ የለ፣ ፍሬን የለ።

ተሾመ ከግንቡ ጀርባ ብቅ አለ።

ሁለቱም ጠመዘዙ። እኛ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆምን፣ የአብዲ ስፖኪዮ ግን ተገንጥሎ ሄደ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

አብዲ ወርዶ ዕቃውን ትክ ብሎ አየው።

«አቦ፣ ይሄ ነገር ለምን ዝም አለኝ?»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ምክንያቱን ያየሁት ቀና ስል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከማዕዘኑ ፊት ለፊት አንድ ኢሱዙ ቆሞ ነበር፤ ሹፌሩ በርጫው እስኪያልቅ የሚያቆመው። አሁን ቦታው ባዶ ነው። ለካ የተሾመ ሞገድ ግንቡን አልፎ አልነበረም የሚመጣው... በኢሱዙው ብረት ላይ እየነጠረ ነው። ሰውየው ወደ ሥራው ሲሄድ ሞዴሌንም ይዞት ሄደ።

ለአብዲ አስረዳሁት። ዕቃዎቹን ፈታን፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ስፖኪዮውን እንደማሠራለት ነገርኩት። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደወለ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ ዕቃዬ አሁንም ባጃጁ ላይ ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። የለም አልኩት፣ አብረን ፈታነው እኮ።

«እህቴ... አሁን በዛ ማዕዘን አለፍኩ። ሰው ጭኛለሁ። ክላክስ አላደረግኩም። ካለፍኩ በኋላ ነው ያወቅኩት ወላሂ።»

ቀመሩን አርመዋለሁ፣ ኢሱዙው ሲኖርም ሳይኖርም እንደገና እለካለሁ። ስንት ዓመት እጁ ላይ የኖረውን ልማድ ግን በአንድ ሳምንት አስረስቼው፣ በምን እንደምመልስለት አላውቅም።

በዛ በኩል የምታልፉ ድሬዎች፣ እባካችሁ ሁለቴ ክላክስ አድርጉ... አንዱ የአብዲ ነው።