ቅቤ የጠጣ ጠመንጃ

ጋሽ ጣሰው በየማለዳው የሱቃቸውን ቁልፍ ከማዞራቸው በፊት እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያሸታሉ። ነጌሌ ካምፕ መሣሪያ ጠጋኝ ሳሉ የለመዱት ነው፤ የትናንቱ ዘይት ለቆ እንደሆነ ለማወቅ። ሠራዊቱ በሰማንያ ሦስት ሲበተን ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ከገበያው ጀርባ ቆርቆሮ ቤት ተከራይተው አልጋና ወንበር፣ አልፎ አልፎም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አሮጌ ጠመንጃ ያድሳሉ። ቆሻሻ ግን ነፍሳቸው አትወድም። ሰው ዕቃውን ገና ሳያስቀምጥ ፊታቸው ይጨማደዳል።

አዴ ዲንኪቱ ያመጡት ጠመንጃ ከሁሉም የባሰ ነበር። ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዙ የሚገባ፣ የሟች ባላቸው የጉዮ ነው። ጉዮ ከሞቱ ወዲህ ዝናብ በጣለ፣ ጥጃ በተወለደ ቁጥር አሮጊቷ ለምርቃት ብለው ቅቤ ሲቀቡት አሥራ ሰባት ዓመት ሆነ። ቅቤው ከጭስ፣ ከፍየል ፀጉርና ከዝንብ ክንፍ ጋር ተጋግሮ እንጨቱን እንደ እከክ ለብሶታል። አሁን ለልጃቸው ከቡሌ ሆራ ሙሽራ ልትገባ ነው፤ ክርፋቱ እንዳያሳፍራቸው ፈሩ።

“አካም ጣሰው፣ ናጋ?” ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው ሰደፉ አንገት ላይ አንዲት ቦታ አሳዩ። “ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው። እዚህ ግን የጉዮ አውራ ጣት አለ። ይዞ ይዞ እንጨቱን አጎድጉዶታል። እሷን እንዳትነካ።”

ጋሽ ጣሰው ትንፋሻቸውን ውጠው እሺ አሉ። የሰሙት ግማሹን ነው፤ ሐሳባቸው ሴትየዋ ወጥተውላቸው መስኮቱን መክፈት ላይ ነበር።

በላምባ ሲያጥቡት ቡናማ ዝቃጭ ይንጠባጠብ ጀመር። ሁለት ጊዜ ወጥተው ተፉ፤ ምሳቸውንም አልበሉም። ከቅቤው ሥር ብረቱ ላይ አንዲት የዝገት ነጥብ አልነበረችም፤ ያ ክርፋት ብረቱን ከዝገት መጠበቁ ይበልጥ አናደዳቸው። እንጨቱን በእልህ በቢላ ፋቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ንጹሕ እንጨት ብቅ ሲል ነው ነፍሳቸው መለስ ያለችው።

ያኔ እጃቸውን ሰደፉ አንገት ላይ አሳረፉ። ልሙጥ ነው። ጎድጓዳዋን ቅቤ ሞልቷት ስለነበር መኖሯን ሳያዩ ደልድለዋታል። የባልቴቲቱ አደራ ትዝ አላቸው፤ በዚህ ጊዜ የቀፈፏቸው ራሳቸው ነበሩ።

አዴ ዲንኪቱ በአራተኛው ቀን መጡ። ብረቱ ጠርቷል፤ እንጨቱ የተልባ ዘይት ጠጥቶ ጠይሟል። እሳቸው ግን አላዩትም። ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ቦታው ላይ አሳረፉ።

“አለ” አሉ። “ጉዮ አለ።” ጋሽ ጣሰውን በኦሮምኛ መርቀው፣ ጠመንጃውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ።

ጋሽ ጣሰው ኑሯቸውን እንድጽፍ ሲፈቅዱልኝ፣ ስለ ክርፋቱ የፈለግሽውን በይ፣ አንዲት ነገር ብቻ ሳትጽፊ ተይልኝ ብለው ነበር፦ ያቺን ጎድጓዳ፣ የብርጭቆ ወረቀት በገዛ አውራ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው፣ ሁለት ቀን ሙሉ አሽተው ያወጧት እሳቸው ናቸው።