የግራው መዝጊያ

በመሥሪያ ቤቷ «አናጢዋ» ይሏታል። መዶሻ ጨብጣ አታውቅም። ሥራዋ ለኮምፒውተር ጌም የሚሆኑ በሮችን፣ መስኮቶችንና ዓምዶችን ስክሪን ላይ መቅረጽ፣ ከዚያም የእንጨቱን ጭረት፣ የቀለሙን ልጣጭና የብረቱን ዝገት ከፎቶግራፍ እየወሰደች ማልበስ ነው። እውነተኛው አናጢ አባቷ ነበሩ፤ ስሙ ግን ለእሷ ወጣላት።

ያን ሰሞን መንገድ ሊሰፋ ነውና ያደገችበት ቤት እንዲፈርስ ተወሰነ። ሽማግሌው አባቷ ለጣሪያው አላዘኑም፤ ለግድግዳውም እንዲሁ። የከነከናቸው ባለ ሁለት መዝጊያው የፊት በር ነበር። በጉልምስናቸው ዘመን በመሮ ፈልፍለው አበባ ከነሐረጉ ያወጡበት በር ነው። ውስጡን ምስጥ ስለጨረሰው ሲነቀል እንደሚፈረካከስ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

«እዚያ ነገርሽ ውስጥ አስገቢልኝ» አሏት። «እዚያ ምስጥ የለ!»

«ምስጥስ የለም አባባ፤ አለቃ ነው ያለው» ብላ አሳቀቻቸው።

በምሳ ሰዓት ካሜራዋን ይዛ ሄደች። የቀኙን መዝጊያ ከላይ እስከ ታች፣ ከሩቅም ከቅርብም ሰባ ጊዜ ያህል አነሳችው። በእሷ ሙያ ቀኝና ግራው ለሚመሳሰል ነገር ግማሹ ይበቃል፤ ሌላውን ግማሽ ኮምፒውተሩ እንደ መስተዋት ገልብጦ ያወጣዋል። የአሥር ዓመት ልማድ ነውና እጇ ሳያማክራት ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰ። በሳምንቱ ቤቱ ፈረሰ። በሩም እንደተባለው በአፍራሾቹ እጅ ላይ ዱቄት ሆነ።

ሥራው ሲያልቅ አባቷን ስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ጠርገው ሐረጉን በጣታቸው ተከተሉት።

«አቤት፣ ይቺ ቅጠል! ስንት ቀን አሠቃይታኛለች መሰለሽ!»

ጣታቸው ወደ ግራው መዝጊያ ተሻገረና ቀጥ አለ።

«የእናትሽስ?» አሉ ቀስ ብለው።

ክው አለች። በግራው መዝጊያ ጠርዝ ላይ ሟች እናቷ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል እሷን አስደግፈው ቁመቷን በወጥ ቤት ቢላዋ ይጭሩ ነበር። አባቷ «በሬን አረድሽው!» እያሉ ሲጮኹ፣ «ዝም በል አንተ ሰውዬ! በርህ አያድግ፤ የምታድገው ልጄ ናት» ይሏቸው ነበር። እንዴት ረሳችው? ካሜራ ይዞ የቆመው የባለሙያ ዓይኗ እንጂ የልጅነት ዓይኗ አልነበረም።

«የመጀመሪያው የት ጋ ነበር አባባ?»

«ከማጠፊያው ዝቅ ብሎ… አይ፣ ከፍ ብሎ።»

አንድ በአንድ እየጠየቀች ስክሪኑ ላይ አሥራ አንድ ጭረት ጫረች። ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት።

«ጎበዝ ነሽ። ግን ይሄ ያንቺ እጅ ነው ልጄ። የእሷ ቢላዋ ሲጀምር ይጫናል፤ ሲጨርስ ለእንጨቱ ይራራለታል።» ከዚያም መነጽራቸውን አወለቁ። «በየቀኑ ሳልፍበት ኖሬ እኔም ከዚህ በላይ አላስታውስ። አጥፊው።»

እሷም አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

በማግስቱ አለቃዋ ትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየ።

«አናጢዋ፣ የግራውን አበባ ምስጥ በላው እንዴ?»

የግራውን መዝጊያ ወደ ውጭ በርግዳ ፊቱን ከግድግዳው ጋር አጣብቃዋለች፤ የሚታየው ልሙጥ ጀርባው ብቻ ነው።

«ተከፍቶ ነው» አለች።

«ይሁን እሺ። ተጫዋቹ እንደሆነ በሁለት ሴኮንድ ሮጦ ያልፈዋል።»

ከሥራ ስትወጣ አባቷ ጋ ደወለች። «የግራውን ከፍቼ ተውኩት አባባ። የእማዬ ጭረት ያለበት ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል።»



«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ማንም እንዳይዘጋው ንገሪያቸው።»