ጨው የጠጣ ወይን

ኮፒያፖ በተባለው በረሃማ ሸለቆ ውስጥ ኖልፋ አጠገቧ ወይን የምትቆርጠውን አሮጊት ስሟን አልጠየቀቻትም። አሮጊቷ መቀሷን በቀይ ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ የለበሰችው የወንድ ሸሚዝ እስከ ጉሮሮዋ ተቆልፏል። ፍሬው ላይ ያለው ነጭ ብናኝ እንዳይለቅ ዘለላውን በአንገቱ ብቻ ነው የምትይዘው። ፍሬው ግን ከሽንብራ እምብዛም አይበልጥም፤ የቅጠሉም ዳር እሳት የላሰው ይመስላል።

አለቃቸው ዶን ኤባሪስቶ መጣና፣ "ፀሐይ ፈጀው። ነገ ይነቀላል" አለ።

አሮጊቷ ጎንበስ ብላ ከሚያንጠባጥበው ቱቦ ውሃ በመዳፏ ተቀበለች። ቀመሰችውና እግሩ ሥር እንትፍ አለችው።

"ፀሐይማ ድሮም ነበረች! ጥሩውን ውሃ መጥጣችሁ ጨረሳችሁ፤ የውሃ ጉድጓዱን አጥልቃችሁ አጥልቃችሁ ቆፍራችሁ ጨው ላይ ደረሳችሁ። እስቲ በዚህ ሻይ አፍልተህ ጠጣ!"

"ከመቼ ወዲህ ነው መሐንዲስ የሆንሽው፣ እማማ?" ብሎ ሳቀ። "ስለ ጉድጓዱ ምን ታውቂያለሽ?"

"አባቴ ነው የቆፈረው። እሱ ከታች ይቆፍራል፣ እኔ ከላይ አፈሩን በገመድ እስባለሁ። ውሃው ሲወጣ መጀመሪያ የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ማር ነበር።"

ዶን ኤባሪስቶ ሳቁን ዋጠ። ኖልፋም መቁረጧን አቆመች። የአባቷ መሬት እንዴት ከእጇ እንደወጣ ግን የጠየቃት የለም።

"አሁን ወይኑን ትነቅሉታላችሁ" አለች አሮጊቷ፤ "ጥፋተኛው እሱ ይመስል!"