ጎሚስታውና ቀዳዳው የበዛው አጎበር

የእህቴ ባል ጎሚስታ ነው፤ ግቢው በር ላይ ቁጭ ብሎ ጎማ ይለጥፋል። ሰፈሩ «ጋሽ ማስቲሽ» ይለዋል፤ አንድ ነገር ላይ ከተጣበቀ አይላቀቅማ! በተለይ በርሜሉ ላይ። ጎማ እየነከረ ቀዳዳ የሚፈልግበት፣ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል አለው። ውሃው ጠቁሮ የተቃጠለ ዘይት መስሏል። ይደፋ ሲባል «ሥራ የለመደ ውሃ ነው» ብሎ ድርቅ ይላል።

ዘንድሮ ግን ልጁ ነፍሰ ጡር ሆና እናቷ ቤት ልትወልድ አሰበች። የጤና ሠራተኛዋ መጥታ በርሜሉን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባባ፣ የወባ ትንኝ እዚህ ውስጥ ነው የምትፈለፈለው። ወባ ደግሞ ለእርጉዝም ለጽንሱም ክፉ ነው። ይድፉት» አለችውና አጎበር ሰጥታው ሄደች።

እህቴም ቁርጡን ነገረችው፦ «ይሄ ውሃ እያለ ልጄ በዚህ በር አትገባም!»

ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ቢሆንም ማስቲሽ ማስቲሽ ነው፤ ውሃውን ትቶ አጎበሩን መመርመር ጀመረ። ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው።

«ምን ዓይነት ነገር ነው የሰጡን? ሁለመናው ቀዳዳ!»

«አጎበር እኮ ነው፤ ምን ይሁን ታዲያ?» አልኩት።

«በዚህ ሁሉ ቀዳዳ ትንኝ አይደለም እኔም አልፋለሁ!» ብሎ፣ ይታያችሁ፣ አረፋ የሚያወጣበትን ቦታ ሊፈልግ በርሜሉ ውስጥ ነከረው። በሳቅ ልፈርስ ደረስኩ።

ሲያነሳው ውሃው ወረደ፤ አጎበሩ ላይ ግን ጥቃቅን ትሎች፣ የትንኝ እጮች፣ ቀርተው ይተራመሳሉ። አንዱም አላለፈም። ስንት ዓመት ያጎነበሰበት ውሃ ነው፤ ከአረፋ በቀር ምንም አይቶበት አያውቅም።

«እነዚህ ናቸው ልጄን የሚነክሷት?» አለ። የኔም ሳቅ ጠፋ። መልስ ሳይጠብቅ በርሜሉን በእግሩ ገለበጠው፤ ጥቁሩ ውሃ ጫማዬን ሞላው።

እህቴ አጎበሩን አጥባ ጥላ ሥር አሰጣችው። ልጅቷም መጣች፣ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። እሱ አሁን ማታ ማታ በርሜሉን ደፍቶ ይከድናል፤ ለደንበኛም «ቤትህ የተጠራቀመ ውሃ አለ?» ሳይል ጎማ አይነፋም።

አንድ ቀን አጎበሩን ምስማር ቀደደው። እህቴ መርፌ ስትፈልግ እሱ የጎማ ልጣፊ ለጥፎበት ጠበቃት፤ ጥቁር፣ ክብ፣ መዳፍ የሚያህል። ሕፃኗ አጎበሩ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ ዓይኗን ከዚያ ላይ አትነቅልም።

«አየሽ» ይለኛል ደረቱን ነፍቶ፣ «የአያቷን ሥራ ከአሁኑ ለየችው።»